ቢራቢሮ የሚሻ ተክሉን ይጠይቅ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ውድ አንባቢያን፤ ባለፈው እትማችን በብሪታንያ ገጠር ስለሚታዩ የዱር ቢራቢሮዎችና ስለ ፎቶ አነሣሣቸው አጭር ጽሑፍ ማውጣታችን ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ ብቻ የደረሱን ጥያቄዎች ከጠበቅነው በላይ ስለሆኑ ይህን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ወራቱንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጠርቻለሁ፤ የእንግሊዙ ጁላይና የእኛ ሐምሌ የሚለያዩት በጥቂት ቀናት ስለሆነ አንባቢን አያሳስትም። ዓመተ ምሕረቶቹ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የወቅቶቹንም ስም ስለ ብሪታንያ ስናገር በእነርሱ አገር ልማድ ጠርቻለሁ፤ ክረምት ስል የብርዱን ወራት፣ ፀደይ ስል ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ መከር ስል ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ማለቴ ነው።

ጥያቄ። «በደብረ ብርሃን የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለአንድ ዓመት ትምህርት በመስከረም መጨረሻ ወደ ደቡብ እንግሊዝ እሄዳለሁ፤ አነስተኛ ካሜራም ገዝቻለሁ። በአገራችን አደይ አበባ ሲፈነዳ ቢራቢሮ በየሜዳው ስለሚታይ፣ እንደ ደረስኩ ብዙ ዓይነት ለማየት ተስፋ አድርጌአለሁ። ከየት ልጀምር?»

መልስ። መምህር፤ እውነቱን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ እርስዎ በሚደርሱበት ጊዜ የብሪታንያ የቢራቢሮ ወቅት በመዘጋት ላይ ነው። የእኛ ሜዳ ዝናሙን ጠግቦ በፀሐይ በሚያብብበት በመስከረም፣ በእነርሱ አገር ቀኑ እያጠረና ብርዱ እየገባ ይሄዳል። በብሪታንያ በቋሚነት የሚኖሩትና በየዓመቱ በስደት የሚመጡት ቢራቢሮዎች አንድ ላይ 59 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በመስከረም መጨረሻ እንቁላል፣ ትል ወይም በሽፋን ውስጥ የተኛ ፍጥረት ሆነው ክረምቱን ለማሳለፍ ተሰውረዋል።

እዚህ ላይ የሸዋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። እኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ተነሥተን ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ብንወርድ፣ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ተክሉም ቢራቢሮውም ይለወጣል። ብሪታንያ ግን ዝቅተኛ አገር ናት፤ ከፍተኛው ተራራዋ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ቢራቢሮውን የሚለውጠው ከፍታው ሳይሆን ወሩ ነው። እኛ ቁልቁል በመውረድ የምናገኘውን ለውጥ፣ እርስዎ በአንድ ሜዳ ላይ ቆመው ወራትን በመጠበቅ ያገኙታል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ከመዞር ይልቅ በመኖሪያዎ አጠገብ አንድ መልካም ሜዳ ወይም የጫካ ዳር መርጠው ያለማቋረጥ ቢመላለሱበት የተሻለ ውጤት ያገኛሉ።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይቪ የሚባለውን በግድግዳና በዛፍ ግንድ ላይ የሚወጣ ሐረግ ይፈልጉ። ሌላው አበባ ሁሉ ሲረግፍ እርሱ በመስከረምና በጥቅምት ስለሚያብብ፣ የቀሩት ቢራቢሮዎች ወደ እርሱ ይሰበሰባሉ። በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ቀበቶ የታጠቀውን ሬድ አድሚራል በዚያ ቢጠብቁት አያጡትም፤ ከዛፍ ወድቆ በሰበሰበ ፖም ላይም ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ በዋናነት መጽሐፍ የሚያነቡበትና ተክል የሚያጠኑበት ጊዜ ነው።

ተክል የሚያጠኑበት ያልሁት በምክንያት ነው። ቢራቢሮ አበባውን የሚጎበኘው ለምግቡ ሲሆን እንቁላሉን የሚጥለው ግን ትሉ በሚበላው ተክል ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ከአንድ ወይም ከጥቂት ተክሎች በቀር አይበሉም። ተክሉን ያወቀ ሰው ቢራቢሮው ሳይታይ በፊት የሚታይበትን ቦታ ያውቃል። በዚህ ረገድ የደብረ ብርሃን ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የብዙዎቹ የብሪታንያ ቢራቢሮዎች ተክሎች በጓሮው የሚያውቃቸው ወይም የእነርሱ ዘመዶች ናቸውና።

ጌሾን ይውሰዱ። በዚያ አገር የፀደይ መልእክተኛ የሚባለው ብሪምስቶን፣ ስሙ ድኝ ማለት ሲሆን ወንዱ በእርግጥም እንደ ድኝ ብጫ ነው፤ ትሉ የሚበላው የጌሾ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ሁለት ቁጥቋጦዎችን ብቻ ነው። ይህ ቢራቢሮ ክረምቱን በሙሉ ክንፍ ያለው ሆኖ በአይቪ ቅጠል መካከል ተደብቆ ስለሚያሳልፍ፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ፀሐይ በወጣችበት የመጀመሪያ ቀን ብቅ ይላል። ሲያርፍ ክንፉን ሁልጊዜ ይገጥማል፤ ተዘርግቶ ለማንሣት አይጠብቁት፤ ይልቅስ ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትሆን ክንፉ እንደ ቅጠል ብርሃን ሲያሳልፍ ያንሡት።

ሳማ ሌላው ነው። በዚያ አገርም ሳማ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ ሰውም እንደ እኛው ይሸሸዋል። ሆኖም ሬድ አድሚራል፣ በክንፎቹ ላይ አራት ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ፒኮክ ወይም ጣዎስ፣ እንዲሁም ስሞል ቶርቶይዝሼል የሚባለው ትንሽ ብርቱካንማ ቢራቢሮ፣ ሦስቱም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በሳማ ነው። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ የሚመታው የሳማ ቁጥቋጦ ላይ ጥቁር ትሎች በድር ውስጥ ተሰብስበው ካዩ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካሜራዎን ይዘው የሚመለሱበትን ቦታ አገኙ ማለት ነው። የማገጥ ዘመዶች በሚበቅሉበት ሣር ሜዳ ሰማያዊዎቹን ትንንሽ ቢራቢሮዎች፣ በኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ላይ ደግሞ ከሁሉ ደማቅ የሆነውን አዶኒስ ብሉን በግንቦትና እንደገና በነሐሴ ያገኛሉ። ለንደን አጠገብ ያለው ቦክስ ሂል ለዚህ የታወቀ ነው።

ትልቅ ጉዞ ማድረግ ከቻሉ ግን ምርጫዬ በምሥራቅ እንግሊዝ ያለው ኖርፎክ ነው። ስዋሎውቴይል የሚባለው ባለ ጭራ ቢራቢሮ በብሪታንያ የሚራባው በኖርፎክ ረግረግ ውስጥ ብቻ ነው፤ ትሉ የሚበላው የረግረግ ተክል ሌላ ቦታ እንደዚያ አይበዛምና። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ሂክሊንግ ብሮድ ወይም ስትራምፕሾ ፌን ቢሄዱ ዕድልዎ ጥሩ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። በእንግሊዝና በዌልስ ምልክት የተደረገባቸው የእግረኛ መንገዶች በግል እርሻ ውስጥ ቢያልፉም እንኳ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ከመንገዱ ለመውጣት ግን እንደ አገራችን ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር ስላለና ላይም የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ የሱሪዎን ጫፍ በካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ማታም ሰውነትዎን ይመርምሩ። በመጨረሻም፣ በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ አንዳንድ ዝርያዎችን፣ ስዋሎውቴይልን ጨምሮ፣ ከመያዝና ከመግደል ይከላከላል፤ በካሜራ ብቻ ለሚመጣ ሰው ግን በሩ ክፍት ነው።

መምህር ስለሆኑ ስለ ቆጠራውም ልንገርዎ። በብሪታንያ ከ1976 ጀምሮ ፈቃደኞች የተወሰነ መንገድ መርጠው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም በየሳምንቱ እየተጓዙ፣ ከግራና ከቀኝ 2.5 ሜትር፣ ከፊት 5 ሜትር ውስጥ የሚታየውን ቢራቢሮ ብቻ ይቆጥራሉ። ጉዞው የሚደረገው ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ45 እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ፣ ሙቀቱም ከ13 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። መሣሪያው እርሳስና ወረቀት ነው። ሲመለሱ ተማሪዎችዎን ይዘው ይህንኑ በደብረ ብርሃን ዳርቻ ቢጀምሩት፣ ከፎቶግራፎችዎ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ይዘው መጡ ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ። «የምኖረው አንኮበር ነው። ልጄ በእንግሊዝ አገር ነርስ ናት። በሐምሌ ከአትክልት ቦታዋ ያነሣችውን የቢራቢሮ ፎቶ በስልክ ላከችልኝ፤ ብርቱካንማ ነው፤ የክንፉ ጫፍ ጠቁሮ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ ክንፉን ሲገጥም በበታቹ ትንንሽ ዓይኖች ይታያሉ። እኔም ይህንኑ በደጃችን ኮሸሽላ ላይ ሲያርፍ አይቼዋለሁ። ልጄ ግን ‹እማዬ፣ ይህ እኮ የዚህ አገር ነው› አለችኝ። ማንኛችን ነን ትክክል?»

መልስ። እናቴ፤ ትክክሉ እርስዎ ነዎት፤ ልጅዎም ፈጽሞ አልተሳሳተችም። ያዩት ቢራቢሮ እንግሊዞች ፔይንትድ ሌዲ ይሉታል፤ የተኳለች ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ከአንታርክቲካና ከጥቂት አካባቢዎች በቀር በመላው ዓለም ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ደጋም፣ በልጅዎ አትክልት ቦታም የሚበረው አንዱ ዝርያ ነው። በሁለቱም አገር ትሉ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ኮሸሽላንና የኮሸሽላን ዘመዶች ነውና በደጅዎ እሾህ ላይ ማየትዎ አያስገርምም።

ነገሩ ከዚህም ያለፈ ነው። ፔይንትድ ሌዲ የብሪታንያን ብርድ መቋቋም አይችልም፤ እንቁላሉም፣ ትሉም፣ ክንፍ ያወጣውም ክረምቱን በዚያ አያልፍም። ስለዚህ በየዓመቱ በፀደይ የሚታዩት ሁሉ ከደቡብ የመጡ ናቸው። ጉዞው ከአፍሪካ ሐሩር አካባቢ ተነሥቶ፣ ሰሃራን አቋርጦ፣ በሜድትራንያን ዳርቻ አልፎ እስከ አውሮፓ ሰሜን ጫፍ ይደርሳል፤ ደርሶ መልሱ እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይሁን እንጂ አንዱ ቢራቢሮ መንገዱን ሁሉ አይጨርስም። የአንዱ ዕድሜ የጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ እናት በደረሰችበት አገር እንቁላል ጥላ ታልፋለች፤ ልጅ ከዚያ ተነሥታ ትቀጥላለች፤ ሄዶ ለመመለስ እስከ ስድስት ትውልድ ይፈጃል። በልጅዎ አበባ ላይ ያረፈችው ከአንኮበር የተነሣችው ራሷ አይደለችም፤ ቅድመ አያቶቿ ግን የአፍሪካን ምድር የረገጡ ናቸው።

ከረጅም ዘመን ጀምሮ ሊቃውንቱን ያስጨንቅ የነበረው የመመለሱ ነገር ነው። በፀደይ ሲመጡ ሁሉም ያያቸዋል፤ በመከር ሲሄዱ ግን የሚያያቸው ስላልነበረ፣ በብርዱ ያልቃሉ ተብሎ ይገመት ነበር። ጉዳዩ የተፈታው እጅግ ብዙ ፔይንትድ ሌዲዎች ወደ ብሪታንያ በገቡበት በ2009 ነው። ወደ ሰማይ የተተከለ ራዳር ቢራቢሮዎቹ በመከር ወደ ደቡብ እንደሚመለሱ አሳየ፤ ከምድር በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው፣ ምቹ ነፋስ መርጠው ስለሚበሩ ነበር ዓይን ያላያቸው። በዚያ ዓመት በፀደይ 11 ሚሊዮን ያህል ገብተው በመከር 26 ሚሊዮን ያህል እንደወጡ ተገምቷል። ከአንድ ግራም በታች የምትመዝን፣ መንገዱን ከወላጆቿ ያልተማረች ፍጥረት ይህን ስታደርግ ማሰብ እኔን ሁልጊዜ ዝም ያሰኘኛል።

ለልጅዎ በመስከረም ወደ ደቡብ የሚበሩትን ካየች ፎቶውን ከቀኑ ጋር እንድትልክልዎ ይንገሯት፤ እርስዎም በኮሸሽላው ላይ ያዩበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ። የእናትና የልጅ ማስታወሻ ጎን ለጎን ቢቀመጥ እጅግ መልካም መዝገብ ይወጣዋል።

ጥያቄ። «ሸዋ ሮቢት የምኖር ነጋዴ ነኝ። እንዲሁ ብርቱካንማ ሆኖ የክንፉ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቢራቢሮ በወንዙ ዳር በየቀኑ አያለሁ። ይህም ስደተኛው ነው?»

መልስ። ወንድሜ፤ ከገለጹልን ሁሉ፣ በዝግታና ሳይፈራ የሚበር ከሆነ፣ እርሱ ሌላ ነው። አፍሪካን ሞናርክ ይባላል፤ ትሉ የሚያድገው ሲቆረጥ ነጭ ወተት በሚያፈሰው በቶቢያውና በዘመዶቹ ላይ ነው። የተክሉ መርዝ በትሉ በኩል ወደ ቢራቢሮው ስለሚያልፍ አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ሁለተኛ አይነካውም፤ ሳይቸኩል የሚበረውም ለዚህ ነው። ጭንቅላቱና ደረቱ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ በኋላ ክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን እርሱን መስሎ የሚኖር ሌላ ቢራቢሮ መኖሩ ነው። ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ የሚባለው ዝርያ ሴቲቱ መርዝ ሳይኖራት የመርዘኛውን ልብስ ለብሳ ከወፍ ትድናለች፤ ወንዱ ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክብ ምልክቶች ስላሉት ባልና ሚስት መሆናቸውን ማንም አይጠረጥርም። ልዩነቱን በዓይን ሳይሆን በፎቶ ይወቁት፤ በኋላ ክንፉ ላይ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ካለና የክንፉ ዳር እንደ መጋዝ የተከረከመ ከሆነ አስመሳይዋ ናት።

ጥያቄ። «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከደብረ ሲና። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ቢራቢሮ ላነሣ ስጠጋ ይበራል፤ ያነሣሁትም ሁሉ የደበዘዘ ነው። ጓደኛዬ በክንፉ ይዘሽ አበባ ላይ አስቀምጪው ትለኛለች።»

መልስ። እኅቴ፤ የጓደኛሽን ምክር አትቀበዪ። የቢራቢሮ ክንፍ ቀለሙ እንደ ዱቄት በላዩ የተነጠፈ ቅርፊት ነው፤ ጣት ሲነካው ይራገፋል፤ የተራገፈውም አይተካም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በማቀዝቀዣ አደንዝዞ ማንሣት ነው፤ በዚህ መንገድ የተገኘ ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር በዚህ መጽሔት ላይ አይወጣም።

ስልክሽ በቂ ነው። ቢራቢሮ የሚሸሸው ድንገተኛ እንቅስቃሴንና በላዩ የሚያልፍን ጥላ ነው፤ ጥላ ለእርሱ ወፍ ነውና። ስለዚህ አስቀድመሽ ፀሐይዋ ከወዴት እንዳለች ተመልከቺና ጥላሽ በአበባው ላይ እንዳይወድቅ ዙሪ። ከሦስት እርምጃ ርቀት ጀምረሽ ጎንበስ በይ፤ ከዚያ በኋላ እየተንበረከክሽ፣ ስልኩን አስቀድመሽ ከፊትሽ ይዘሽ ተጠጊ፤ በመጨረሻ እጅን ብድግ ማድረግ ነው ብዙውን ጊዜ የሚያስበረግገው። የመጀመሪያውን ፎቶ ከሩቅ አንሺ፤ ቢበርም አንድ ማስረጃ ቀርቶልሻል። ከዚያ እየቀረብሽ ደጋግመሽ አንሺ። ስልኩን አፍንጫው ድረስ ከማስጠጋት ይልቅ የስልኩን ሁለት እጥፍ ማጉያ ተጠቀሚ፤ ጣትሽን በስክሪኑ ላይ በቢራቢሮው ዓይን ቦታ አሳርፈሽ ትኩረቱ እስኪቆለፍ ድረስ ቆዪ።

የደበዘዘበት ሁለተኛው ምክንያት አቅጣጫው ይመስለኛል። ቅርብ ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው እጅግ ቀጭን ንጣፍ ብቻ ስለሆነ፣ የስልኩ ጀርባና የክንፉ ገጽ ትይዩ ካልሆኑ ግማሹ ጠርቶ ግማሹ ይጠፋል። ክንፉን ከገጠመ ከጎን፣ ከዘረጋ ከበላይ አንሺው። ካሜራ ላላቸው አንባቢያን ደግሞ ኤፍ 8 አካባቢ የሆነ የሌንስ ቀዳዳና ከ1/500 ሰከንድ የማይዘገይ ፍጥነት ጥሩ መነሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰዓቱን ምረጪ። ቢራቢሮ ሰውነቱን የሚያሞቀው በፀሐይ ሲሆን፣ እንደ ልቡ ለመብረር የበረራ ጡንቻው ወደ 30 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። በደብረ ሲና ዳገት ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኚዋለሽ፤ ያን ጊዜ ታጋሽ ነው። እኩለ ቀን ላይ ያንኑ ቢራቢሮ በሩጫ አትደርሺበትም። በረፋዱ ደግሞ ወደ ቆላ ከወረድሽ ከብት የሚጠጣበትን የወንዝ ዳር ጭቃ ተመልከቺ፤ ወንዶቹ ጨውና ማዕድን ለመምጠጥ በብዛት ተሰብስበው ስለሚቀመጡ ሳይንቀሳቀሱ ታነሺያቸዋለሽ። በብሪታንያም ከቢራቢሮዎች ሁሉ የሚናፈቀው ፐርፕል ኢምፐረር፣ ብዙውን ጊዜ ከትልልቅ ዛፎች ጫፍ የማይወርደው፣ በሐምሌ ጠዋት ወደ መሬት የሚወርደው ለዚሁ ነው፤ ሰዎች በሺህ ብር የሚቆጠር ሌንስ ይዘው በፈረስ ፋንድያ ዙሪያ ይጠብቁታል።

የክንፉን ላይና ታች፣ ያረፈበትንም ተክል ለብቻው አንሺ። ዝርያውን ለመለየት የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ የበታቹ ክንፍ ነው።

ጥያቄ። «በመንዝ ጓሳ አካባቢ የምኖር ወጣት ነኝ። ባለፈው ጽሑፋችሁ በብሪታንያ ከጦስኝ ጋር የሚኖር አንድ ቢራቢሮ ጠፍቶ እንደ ነበረ በአንድ መስመር ጠቅሳችሁ አልፋችኋል። ጦስኝ በእኛ ሞልቷል። የጠፋው ለምንድን ነው? የጠፋስ እንዴት ይመለሳል?»

መልስ። በአንድ መስመር ማለፋችን ጥፋት ነበር፤ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ቢራቢሮው ላርጅ ብሉ ይባላል። ሴቲቱ እንቁላሏን በጦስኝ አበባ ላይ ትጥላለች፤ ትሉ ሁለት ሦስት ሳምንት አበባውን ከበላ በኋላ ወደ መሬት ይወድቃል። ከዚያ የሚሆነው አስደናቂ ነው፤ ቀይ ጉንዳኖች የራሳቸው ልጅ መስሏቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ያስገቡታል፤ እርሱም አሥር ወር ያህል ከመሬት በታች የጉንዳኖቹን ልጆች እየበላ ያድጋል። በሰኔ ክንፍ አውጥቶ ከጉንዳን ቤት ይወጣል።

እየጠፋ ሲሄድ ብዙዎች የከሰሱት ቢራቢሮ ሰብሳቢዎችን ነበር፤ ሰብሳቢውን ለመከልከልም የታጠሩ ቦታዎች ነበሩ። ጄረሚ ቶማስ የተባለው ሳይንቲስት ግን በ1970ዎቹ ከቢራቢሮው ጋር ዓመታት ተቀምጦ እውነተኛውን ምክንያት አገኘ፤ ትሉ በደህና የሚያድገው ሚርሚካ ሳቡሌቲ በሚባለው አንድ የጉንዳን ዝርያ ቤት ውስጥ ነው፤ ይህ ጉንዳን ደግሞ ሣሩ እጅግ አጭር ሆኖ ፀሐይ አፈሩን በምታሞቅበት ቦታ ብቻ ይኖራል። ግጦሽ ሲቀንስና በ1953 የገባው የጥንቸል በሽታ ሣሩን ይግጡ የነበሩትን ጥንቸሎች ሲጨርስ፣ ሣሩ ረዘመ፣ አፈሩ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑም ሄደ። ጦስኙ በቦታው ነበር፤ አበባውም ነበር፤ ቢራቢሮው ግን በ1979 ጠፋ። አጥሩ ከብቱንም ስለሚከለክል፣ ለመጠበቅ የተደረገው ነገር ራሱ ጉዳት አድርሷል።

የተመለሰው ደግሞ በዚሁ ዕውቀት ነው። ሜዳዎቹ በከብትና በበግ እንዲጋጡ ተደርጎ ጉንዳኑ ሲመለስ፣ ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን የመጡ ላርጅ ብሉዎች ተለቀቁ። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት፣ በኮላርድ ሂል ማንም ሰው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ሄዶ ሊያያቸውና ፎቶ ሊያነሣቸው ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ብቻ መራመድ ግን ግዴታ ነው፤ የሚረገጠው ሣር የጉንዳኑ ቤት ነውና።

ይህን ስጽፍ ጓሳን ማሰቤ አልቀረም። እናንተ አባቶቻችሁ ባቆዩት በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ትዘጉትና ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ ትከፍቱታላችሁ፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በዚያ ሥርዓት ተጠብቀዋል። በሶመርሴት የሚጠቅመው አጭር ሣር ነው፤ በጓሳ የሚጠቅመው ረጅሙ ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝ የግጦሹን ልክ ሳይሆን የጄረሚ ቶማስን አካሄድ እንድትወስድ እመክርሃለሁ፤ በጦስኙ አጠገብ በጥቅምት ፀሐይ ተቀምጠህ የትኛው ቢራቢሮ መጥቶ እንቁላል እንደሚጥልና የትኛው ጠጥቶ ብቻ እንደሚሄድ ለይተህ መዝግብ። ፎቶውን ብትልክልን በደስታ እናወጣዋለን።

ጥያቄ። «ከደብረ ብርሃን አጠገብ የጓሮ አትክልት አመርታለሁ። ነጭ ቢራቢሮ የጎመን ጠላት ነው። እናንተ ጠብቁት ስትሉ እኛ ምን እንብላ?»

መልስ። ጋሼ፤ ጎመንዎን አሳልፈው ይስጡ አላልንም። በብሪታንያም ሁለቱ ነጭ ቢራቢሮዎች የጎመን አምራቹ ጠላቶች ናቸው፤ ትልቁ እንቁላሉን በአንድ ቦታ አከማችቶ፣ ትንሹ አንድ በአንድ እየለየ ይጥላል፤ ገበሬውም ቅጠሉን ገልብጦ እየለቀመ ወይም በመረብ እየሸፈነ ይከላከላቸዋል። ሆኖም አስቀድሞ ጠላትን መለየት ያስፈልጋል፤ በአገራችን ጎመንን ከሁሉ አብልጦ የሚያጠፋው ነጩ ቢራቢሮ ሳይሆን ሌሊት የምትበር አንዲት ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ናት። ትሏ አረንጓዴና ደቃቃ ነው፤ ሲነካ ወደ ኋላ እየተወራጨ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ከቅጠሉ ይወርዳል። እንዲህ የሚያደርግ ትል ካገኙ፣ ትሉንና የተበላውን ቅጠል አብረው በጠርሙስ ይዘው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት፤ ይህች ተባይ ብዙ መድኃኒት የለመደች ስለሆነች ሳያማክሩ አይርጩ።